ካርዱ የት ገባ? የቅድመ ክፍያ ሲም አሞላል፣ የጥቅል ግዢና የዳታ አቆራረጥ

«ትናንት ማታ 50 ብር ሞልቼ፣ አንድ ሰው ጋ እንኳ ሳልደውል ጠዋት አጣሁት።» ደሴ ላይ ሲምና የስልክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ የሚውል ሰው ይህን ቅሬታ ሳይሰማ የሚመሽበት ቀን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብሩ አልጠፋም፤ ተቆርጧል። የቆረጠውም ዳታ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ባለቤቱ ተኝቶ፣ ቴሌግራም ቪዲዮ ሲያወርድና አፕሊኬሽኖች ራሳቸውን ሲያድሱ ያደሩበት ሂሳብ ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ብር የሚቆረጥበትን ተራ ማወቅ ነው። ተራውን ያወቀ ሰው በትንሽ ካርድ ወሩን ይዘልቃል፤ ያላወቀ ደግሞ ቢሞላ ቢሞላ አይጠግብለትም።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ታሪፍ ይቀያየራል። በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍ በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ ደግሞ በ40 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ በመስከረም 2017 ደግሞ የዋጋ ማስተካከያ ተደርጎ ብዙ አገልግሎት ላይ ጨመረ። ዋጋውን ስልካችሁ ራሱ ከመግዛታችሁ በፊት ያሳያችኋል። እኔ የምጽፈው ዋጋው ቢለዋወጥም የማይለወጠውን አሠራር ነው።

ሲሙ ውስጥ ያሉት ኪሶች

በቅድመ ክፍያ ሲም ላይ ያለው ሂሳብ አንድ ቦታ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ የተለያየ ኪስ አለው። የመጀመሪያው ዋናው ሂሳብ ነው። ካርድ ፍቃችሁ ወይም ከቴሌብር ስትሞሉ ብሩ የሚገባው እዚያ ነው፤ በብር ይለካል፣ ለጥሪም ለመልእክትም ለዳታም ያገለግላል። ሁለተኛው ጥቅል ነው። ጥቅል በብር አይለካም፤ በደቂቃ፣ በሜጋባይት ወይም በመልእክት ቁጥር ነው። የማለቂያ ቀንና ሰዓት አለው። ከዚህ ሌላ በማበረታቻ የሚሰጥ ቦነስ አለ፤ እሱም እንደ ጥቅል የራሱ የአጠቃቀም ደንብና ማለቂያ አለው።

ስትደውሉ ወይም ዳታ ስትከፍቱ ሲስተሙ መጀመሪያ የሚያየው ለዚያ አገልግሎት የሚሆን ጥቅል መኖሩን ነው። ካለ ከሱ ይቀንሳል። ከሌለ፣ ወይም ካለቀ፣ ወይም ሰዓቱ ካለፈ፣ ወደ ዋናው ሂሳብ ይሻገራል። ችግሩ ያለው መሻገሪያው ላይ ነው። ያለ ጥቅል የሚቆረጥ አንድ ሜጋባይት ዋጋው በጥቅል ከሚገዛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለአንድ ሳምንት ይበቃ የነበረ ብር በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያምታታል። የድምፅ ጥቅል ለዳታ አይከፍልም፤ የዳታ ጥቅልም ለተራ ጥሪ አይከፍልም። በኢሞ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም መደወል ደግሞ ስሙ ጥሪ ይሁን እንጂ የሚበላው ዳታ ነው። «100 ደቂቃ ገዝቼ በኢሞ ሳወራ ብሬን ቆረጠው» የሚለው ቅሬታ መነሻው ይኸው ነው።

የየኪሱን ልክ ለማየት በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ደውሉ፤ ማለትም ኮከብ፣ 804፣ መሰላል፣ ከዚያ የጥሪ ቁልፍ። በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ሲም ያለው ሰው ጥቅል የሚገዛው በ*777# ነው፤ የደንበኞች አገልግሎቱ 700 ነው። የአቆራረጡ ተራ በሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ከዚህ በኋላ ምሳሌውን በኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሮች እቀጥላለሁ።

አሞላል

ካርድ ከሆነ፣ መፋቂያውን በሳንቲም ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ ፋቁ። በቢላ የፋቀ ሰው ቁጥሩንም አብሮ ይፍቃል። ከዚያ *805* ብላችሁ የካርዱን ቁጥር ጽፋችሁ በ# ዝጉና ደውሉ። ቁጥሩ የማይነበብ ከሆነ እየገመታችሁ አትሞክሩ፤ ደጋግሞ መሳሳት የመሙያ አገልግሎቱን ያስቆልፋል። ካርዱን ሳትጥሉ ይዛችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሂዱ፤ ከውጭ የታተመው ተከታታይ ቁጥር ለማጣራት ይረዳል።

ሱቅ ውስጥ በስልክ የምታስሞሉ ከሆነ ቁጥራችሁን በቃል ከመናገር ጽፋችሁ ስጡ። ሰኞ ገበያ ላይ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል «ስድሳ» እና «ሰባ» ይምታታሉ። የማረጋገጫው መልእክት ስልካችሁ ላይ ሳይገባ ከሱቁ አትውጡ። በስህተት ሌላ ሰው ቁጥር ላይ የገባ ካርድ ተመላሽ የሚሆነው ሰውየው በጎ ከሆነ ነው።

በቴሌብር ከሆነ በ*127# ወይም በመተግበሪያው ገብታችሁ የአየር ሰዓት መሙያውን ትመርጣላችሁ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ አሁን እናቶቻችንም ይጠቀሙበታል። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ቴሌብር ውስጥ ያለ ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ታወጡታላችሁ፣ ትልኩታላችሁ፣ ሸቀጥ ትገዙበታላችሁ። አንዴ አየር ሰዓት ከሆነ ግን ወደ ጥሬ ብር አይመለስም። ስለዚህ ለወሩ ያሰባችሁትን በሙሉ በአንድ ጊዜ አየር ሰዓት አታድርጉት። በሚያስፈልጋችሁ ጊዜ ሙሉ።

ከራሳችሁ ሂሳብ ለሌላ ሰው ለማካፈል *806*የተቀባዩ ቁጥር*የብሩ መጠን# ነው። መጠኑንና ቁጥሩን ቦታ አታቀያይሩ።

ዳታ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ይህን ይያዝ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. የስልኩን ዳታ አጥፉ። ካርድ ከመሙላታችሁ በፊት ማለቴ ነው።
2. ካርዱን ሙሉ።
3. *999# ደውላችሁ ጥቅሉን ምረጡና ግዙ።
4. «ገዝተዋል» የሚለው መልእክት እስኪመጣ ጠብቁ።
5. *804# ብላችሁ ጥቅሉ መግባቱን አረጋግጡ።
6. አሁን ዳታውን ክፈቱ።

አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ዳታው እንደተከፈተ ካርድ ይሞላል። ብሩ ዋናው ሂሳብ ላይ ባረፈበት ቅጽበት፣ ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት አጥተው የነበሩ አፕሊኬሽኖች ሁሉ በአንዴ ይነሳሉ። ቴሌግራም የተጠራቀመውን ያወርዳል፣ ፎቶዎች ወደ ጉግል ይጫናሉ፣ ኢሜይል ይገባል። እናንተ *999# ላይ ቁጥር እየመረጣችሁ ሳለ 50 ብሩ 43 ይሆናል። ከዚያ 50 ብር የሚያወጣውን ጥቅል ስትመርጡ «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ይላችኋል።

ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ፣ እኔ የምመክረውም እሱን ነው። ብሩን ቴሌብር ላይ አስቀምጡና ጥቅሉን በቀጥታ ከቴሌብር ግዙ። ዋናው ሂሳብ ላይ ለአስቸኳይ ጥሪ የሚሆን ትንሽ ብር ብቻ ይኑር። ጥቅሉ ሲያልቅ ዳታው ቢበዛ ያቺን ትንሽ ብር ቆርጦ ይቆማል፤ ቴሌብር ውስጥ ያለውን መንካት አይችልም። ለልጆች ስልክና ቅንብር መነካካት ለማይወዱ ትልልቅ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መከላከያ አላየሁም። ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች እህት የምትልከውን ገንዘብ ለሚቀበል ቤተሰብም ያው ነው፤ የተላከው ሁሉ አየር ሰዓት መሆን የለበትም።

*999# ውስጥ ለሌላ ሰው ስጦታ መላኪያም አለ። ለገጠር ዘመድ ካርድ ከምትልኩ የሚፈልገውን ጥቅል ብትልኩለት ይሻላል፤ ካርዱ በዳታ አይቆረጥበትም። ብቻ ስልኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ቁልፍ ስልክ ለያዙ አያት የዳታ ጥቅል መላክ ብርን መጣል ነው።

የማለቂያው ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም

ጥቅል ስትገዙ የሚመጣው መልእክት እስከ መቼ እንደሚሠራ ይነግራችኋል። ቀኑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም እንደዚያው። «2025-10-15 23:59» የሚል ብታዩ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ከምሽቱ 5፡59 ማለት ነው። «23» የሚለውን አይቶ «ሌሊቱን ሙሉ አለኝ» ያለ ሰው ከምሽቱ 6 ሰዓት በኋላ የሚጠቀመው ከዋናው ሂሳብ ነው።

አለዋወጡ ቀላል ነው። የተጻፈው ሰዓት ከ6 እስከ 18 ከሆነ 6 ቀንሱ፦ 14፡30 ከሰዓት 8፡30 ነው። ከ18 በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፦ 21፡00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከ00 እስከ 6 ከሆነ 6 ጨምሩ፦ 03፡00 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የሌሊት ጥቅል የምትገዙ ከሆነማ ይህን ሳታውቁ አትግዙ፤ የሚጀምርበትም የሚያልቅበትም ሰዓት የተጻፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው።

የቀን ጥቅል ስትገዙ ሌላም ልብ በሉ። 24 ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት የገዛችሁት ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ያልቃል፤ ቀን ሲለወጥ አይደለም። የትኛው እንደሆነ በግምት አትያዙት፤ መልእክቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አንብቡና በስልካችሁ ማንቂያ ከ10 ደቂቃ ቀደም አድርጋችሁ ሙሉ። ሲደወል ዳታውን ታጠፋላችሁ።

ምን ያህል ልግዛ?

አንድ ጊጋባይት 1024 ሜጋባይት ነው። ይህን ይዛችሁ የምትጠቀሙትን በደቂቃ አስሉት።

በመጀመሪያ ግን ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አይደሉም። ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ ጥቅል የሚሸጠው በሜጋባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚስብ ቪዲዮ በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ጥራቱ ከፍ ብሎ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ከሳበ በሰዓት 1350 ሜጋባይት ነው። 1 ጊጋባይት ገዝቶ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ በጥራት ላየ ሰው ከዕረፍት በኋላ ያለው ግማሽ ተቆርጦ የሚቀርበት ለዚህ ነው።

የድምፅ ጥሪ በኢንተርኔት ቀላል ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ 32 ኪሎቢት የሚሄድ ከሆነ፣ የሚወጣውም የሚገባውም ስለሚቆጠር በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ፣ በሰዓት 29 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ፊት እየተያዩ ማውራት ግን ሌላ ነው። በሁለቱም በኩል 500 ኪሎቢት ከሄደ ግማሽ ሰዓት ብቻ 225 ሜጋባይት ይወስዳል። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ በኢሞ የሚደረገው ረጅም ወግ የቤተሰቡን ዳታ የሚጨርሰው በዚህ ሂሳብ ነው። ሰላምታውንና የልጆቹን ፊት በቪዲዮ አይታችሁ፣ ረጅሙን ጨዋታ በድምፅ ብቻ ብታደርጉት በአንድ ጥቅል ብዙ ትደዋወላላችሁ።

ጥቅሎችን ስታወዳድሩ ብሩን ለሜጋባይቱ አካፍሉ። ለስሌት ያህል ብቻ፣ 500 ሜጋባይት ለአንድ ቀን በ20 ብር፣ 500 ሜጋባይት ለሳምንት በ30 ብር ቢሆን፣ የመጀመሪያው በሜጋባይት 4 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 6 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። ግን በቀን 100 ሜጋባይት የምትጠቀሙ ከሆነ ከ500ው 400ው ሲነጋ ይቃጠላል፣ በእውነት የከፈላችሁት በሜጋባይት 20 ሳንቲም ነው። ርካሹን የሚወስነው የእናንተ አጠቃቀም ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ፈረቃ የሚሠራ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልክ የማይነካ ከሆነ የቀን ጥቅል አይጠቅመውም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ዋይፋይ የሚያገኝ ተማሪም ትልቅ ወርሃዊ ጥቅል ምን ያደርግለታል?

የድምፅ ጥቅል ሲሆን ደግሞ ወደየትኛው ኔትወርክ እንደሚሠራ አንብቡ። ከ09 ወደ 07 ወይም ከ07 ወደ 09 የማይሠራ ጥቅል ከገዛችሁ ጥሪው ከዋናው ሂሳብ ይቆረጣል።

በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ በ2015 መጨረሻ ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የረሳ ሰው የለም። ስለዚህ የወር ጥቅል በሜጋባይት ሲሰላ ርካሽ ቢሆንም፣ ነገሩ በማያስተማምንበት ሰሞን እኔ የሳምንቱን እመርጣለሁ። ትንሽ ውድ ነው፤ ግን ቢቋረጥ የሚቃጠለውም ትንሽ ነው።

ስልኩን መግራት

አሁን ስልኩ ውስጥ እንግባ። ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ነው፤ አንዴ ካስተካከላችሁት ደግሞ ደግማችሁ አትነኩትም።

ከቴሌግራም ጀምሩ፤ እኛ አገር ከትልልቆቹ በላተኞች አንዱ እሱ ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ግቡ። ሞባይል ዳታ ስትጠቀሙ ፎቶ፣ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዲያወርድ የሚፈቅደውን መስመር አጥፉ። የ20 ቻናል አባል የሆነ ሰው ይህን ሳያጠፋ ዳታ ከከፈተ፣ የማያየውን ቪዲዮ እየገዛ ነው። ዋትስአፕም ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ በሚለው ስር ተመሳሳይ ነገር አለው። እዚያው ለጥሪ ያነሰ ዳታ ተጠቀም የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ፤ አብሩት።

ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር አድርጉ። ቲክቶክ ዳታ ሴቨር የሚባል የዳታ መቆጠቢያ አለው። ዩቲዩብ ላይ ጥራቱን «አውቶ» አትተዉት። አውቶ ማለት ኔትወርኩ በፈቀደ መጠን ጥራቱን ከፍ ያደርጋል ማለት ነው። «ፎርጂ ዳታ ይበላል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ አንድ ሜጋባይት በፎርጂም በስሪጂም አንድ ሜጋባይት ነው፣ ግን ፈጣኑ መስመር ላይ አፕሊኬሽኑ ትልቁን ቪዲዮ ይመርጣል። ስብከት፣ መንዙማ ወይም ዜና ለምታዳምጡ 144 ወይም 240 የሚለው ዝቅተኛ ጥራት ይበቃል፤ ምስሉን የሚያየው የለም።

ፕሌይ ስቶር ውስጥ አፕሊኬሽኖች በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ አድርጉ። የጉግል ፎቶስን መጠባበቂያም እንደዚሁ። በመጨረሻ በስልኩ ሴቲንግ ዳታ ዩሴጅ የሚለውን ክፈቱ። የትኛው አፕሊኬሽን ስንት እንደበላ ከላይ እስከ ታች ተዘርዝሮ ታዩታላችሁ። እዚያው ገደብ መጣል ይቻላል፤ 500 ሜጋባይት ከገዛችሁ 480 ላይ ራሱ ዳታውን እንዲያጠፋ አድርጉት። የ20 ሜጋባይቱ ልዩነት ያለምክንያት አይደለም፤ የስልኩ ቆጠራና የኩባንያው ቆጠራ በትክክል አይገጥምም፣ የሚከፈለው ደግሞ በኩባንያው ነው።

ሆትስፖት፣ ማለትም የስልካችሁን ዳታ ማካፈያ፣ ለጓደኛ ስትከፍቱ ተጠንቀቁ። የጓደኛችሁ ስልክ ወይም ላፕቶፕ የእናንተን መስመር የሚያየው እንደ ዋይፋይ ነው። «በዋይፋይ ብቻ አድስ» ተብሎ የተከለከለው ሁሉ በእናንተ ዳታ ላይ ይወርዳል። አንድ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ማደስ ከጀመረ ጥቅሉ ሻይ ሳይቀርብ ያልቃል። የሚገናኘው ሰው ያንን ዋይፋይ በራሱ መሣሪያ ላይ «ሜተርድ» (ዳታው የሚቆጠር መስመር) ብሎ ይመዝግበው፤ ካልሆነ የይለፍ ቃሉን አትስጡ።

ሁለት ሲም ያለው ስልክ የያዛችሁ ዳታው የተከፈተው በየትኛው ሲም እንደሆነ እዩ። በአንዱ ላይ ጥቅል ገዝቶ በሌላው ዳታ የሚጠቀም ሰው በጣም ብዙ ነው።

ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ኔትወርኩ ይዳከማል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። የተቆራረጠ ማውረድ ከመጀመሪያው ሲደገም ዳታውም ይደገማል። ቪዲዮውን ቤት ሆናችሁ አውርዳችሁ ውጡ፤ መንገዱ ላይ ዳታውን ዝጉት። ለባትሪውም ይበጃል።

አማርኛ መልእክት ለምን ይበዛል?

በአጭር የጽሑፍ መልእክት አንዱ የሚይዘው በላቲን ፊደል 160 ነው። በግዕዝ ፊደል ስትጽፉ ግን 70 ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ በ67፣ በ67 ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፋይ እንደ አንድ መልእክት ይቆጠራል። 140 ፊደል ያለው የበዓል ምኞት ሦስት ሆኖ ይሄዳል። ለ50 ሰው ብትልኩት 150 መልእክት ነው። በላቲን ፊደል ጽፋችሁ አንዲት የግዕዝ ፊደል ወይም አንዲት ኢሞጂ ብትጨምሩም ሙሉው መልእክት ወደ 70ው ደንብ ይገባል።

በአማርኛ መጻፍ ተዉ ማለቴ አይደለም፤ አሳጥሩት ነው። «ነገ ጠዋት ከኮምቦልቻ እመጣለሁ መናኸሪያ ጠብቀኝ» 30 ነው፤ በአንዱ ይሄዳል። ረጅሙን ምርቃት በቴሌግራም ላኩት።

ሳታውቁት የሚቆርጡ

የመጀመሪያው የአጭር ቁጥር አገልግሎት ነው። ዜና፣ የስፖርት ውጤት፣ ጥቅስ፣ ዕጣ የሚልኩ አጭር ቁጥሮች አንዴ ከተመዘገባችሁ በየቀኑ ወይም በየመልእክቱ ይቆርጣሉ። አንዳንዱ ሰው መመዝገቡንም አያውቅም፤ ልጅ ስልኩን ሲነካ «እሺ» ብሎለታል። መልእክቱ የመጣበትን አጭር ቁጥር ያዙና «ስቶፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ወደዚያው ላኩ። የማቋረጫው ቃል የተለየ ከሆነ ራሱ መልእክቱ ግርጌ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ካልቆመ 994 ደውላችሁ እንዲያቋርጡላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ብድር ነው። በ*810# የአየር ሰዓት ተበድራችሁ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ስትሞሉ መጀመሪያ የሚቆረጠው ብድሩና የአገልግሎት ክፍያው ነው። «50 ሞልቼ 50 አልገባም» ያለን ሰው መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንን ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳቅ ብሎ «አዎ፣ ባለፈው ተበድሬ ነበር» ይላል። ካርድ ቢያልቅባችሁ ከመበደራችሁ በፊት *807*የሰውየው ቁጥር# ብላችሁ ደውልልኝ ላኩ። ሚስኮል ከማድረግም ይሻላል፤ ሚስኮሉን ሰውየው ቢያነሳባችሁ ይቆረጥባችኋል፣ ይህ ግን አይቆርጥም።

ሦስተኛው ከማታውቁት የውጭ አገር ቁጥር አንዴ ጮሆ የሚዘጋ ጥሪ ነው። መልሳችሁ ብትደውሉ የምትከፍሉት የዓለም አቀፍ ታሪፍ ነው። ዘመዳችሁ ከሆነ ራሱ ደግሞ ይደውላል። ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ማጭበርበርም አለ፦ «በስህተት ብር ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል መልእክት። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ የ09 ቁጥር የመጣ ከሆነ ሐሰት ነው። መልእክቱን አትመኑ፤ ሂሳባችሁን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ። የሚስጥር ቁጥራችሁን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ማንም ነኝ ቢል ስልኩን ዝጉበት።

ብር ከጎደለ እንዴት ይጣራል?

መጀመሪያ ዳታውን አጥፉና *804# አይታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ለአንድ ሰዓት ምንም ሳትደውሉ ቆዩና እንደገና እዩ። ካልቀነሰ ቆራጩ ዳታ ሳይሆን አይቀርም፤ ዳታ ዩሴጅ ውስጥ ገብታችሁ የትኛው አፕሊኬሽን እንደሆነ ፈልጉ። ዳታ ጠፍቶም ከቀነሰ የአጭር ቁጥር አገልግሎት መሆኑን ጠርጥሩና የመልእክት ሳጥናችሁን ወደ ኋላ አንብቡ።

ጥሪ በሰከንድ ይሁን በደቂቃ እንደሚቆረጥባችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁም ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ጥቅል በሌለበት ሰዓት ሂሳቡን እዩ፣ 10 ሰከንድ ብቻ አውሩ፣ እንደገና እዩ። ሌላ ጊዜ 50 ሰከንድ አውሩና አወዳድሩ። ሁለቱም እኩል ከቆረጡ የምትከፍሉት በሙሉ ደቂቃ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ በ1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ የሚዘጋ ጥሪ የሁለት ደቂቃ ይከፈልበታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ ካልተገኘ 994 ደውሉ። «ብሬ ጠፋ» ብቻ ብትሉ የምታገኙት መልስም እንደዚያው ድፍን ይሆናል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውንና በኋላ የቀረውን ሂሳብ፣ የገዛችሁትን ጥቅል መልእክት ይዛችሁ ተናገሩ። ስለዚህ የጥቅልና የመሙያ መልእክቶችን ቢያንስ ለአንድ ወር አታጥፉ። በአካል ወደ አገልግሎት ማዕከል የምትሄዱ ከሆነ መታወቂያ ያዙ፤ ሲሙም በራሳችሁ ስም የተመዘገበ መሆን አለበት። በወንድም ወይም በቀድሞ ባለቤት ስም ያለ ሲም ከሆነ የጥሪውን ዝርዝር ለእናንተ አይሰጧችሁም፤ መጀመሪያ ስሙን አዛውሩ። ሰኞ በገበያ ቀን ከምትሰለፉ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ብትሄዱ ቶሎ ትወጣላችሁ።